ከራስጌው እስከ ግርጌው የተነበበ መልእክት

ዛሬ ለንግግሬ የመረጥሁት ነገር ስሙ ሲጠራ ለጆሮ ከበድ የሚል ቢሆንም፣ ምሥጢሩ ቀስ ተብሎ ሲገለጽ ለአስተዋይ ሰው ሁሉ የሚገባና የእያንዳንዳችንን ሥጋና ደም የሚነካ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ጊዜ በትዕግሥት እንድታደምጡኝ እለምናችኋለሁ። በምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የምከተለው የአውሮፓውያንን አቈጣጠር ነው።

በ2004 ዓ.ም. መባቻ ላይ፣ ኔቸር ጄኔቲክስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት፣ ከጃፓን አገር የመጣ አንድ የምርምር ጽሑፍ ታተመ። ጽሑፉም 21,243 የሰው ልጅ ሙሉ አሟይ ዲኤንኤዎች፣ ማለት ሕዋስ ከዲኤንኤው የሚቀዳቸው መልእክቶች ቅጂዎች፣ እያንዳንዳቸው ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ሳይጐድሉ ተነብበው መጠናቀቃቸውን አስታወቀ። ይህን ዜና በጊዜው የሰማ ሰው አንድ ጥያቄ ሳያነሣ አይቀርም። የሰው ልጅ ጂኖም፣ ማለት በሕዋሳችን አስኳል ውስጥ ያለው የዲኤንኤ ጽሕፈት በጠቅላላው፣ ረቂቁ በ2001 ዓ.ም. ታትሞ፣ ሥራውም በ2003 ዓ.ም. ተፈጸመ ተብሎ በታላቅ ደስታ ተነግሮ ነበር። ሦስት ቢሊዮን ያህሉ ፊደል ከተነበበ ወዲያ፣ ከዚያው ጽሕፈት የተቀዱትን መልእክቶች አንድ በአንድ እየለቀሙ እንደገና ማንበብ ድካምን በድካም ላይ መጨመር አይሆንምን? የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው፤ መልሱንም አስቀድሜ ልናገር። ጂኖምን ማንበብ ሕዋስ ምን ሊናገር እንደሚችል ያሳውቃል እንጂ ምን እንደ ተናገረ አያሳውቅም፤ የተናገረውን ለማወቅ ቃሉን ከራስጌው እስከ ግርጌው ሳይጐድል ከራሱ ከሕዋሱ መቀበል ግድ ይሆናል። ይህንም ያደረጉት ሰዎች ድካማቸው ከጂኖሙ አንባቢዎች ድካም የማያንስ ሆኖ ሳለ፣ ስማቸው በሕዝብ ዘንድ እምብዛም ስላልተነሣ፣ እኔ በበኩሌ ዛሬ ላነሣው እወዳለሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። የሰው ገላ ከማይቈጠሩ ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ በእነዚህም ሕዋሳት አስኳል ውስጥ አዴኒን፣ ቲሚን፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን በሚባሉ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረጅም የዲኤንኤ ክር ተጠምጥሞ ይገኛል። የጉበት ሕዋስም፣ የአንጎል ሕዋስም፣ የቈዳ ሕዋስም የያዘው ጽሕፈት አንድ ነው። ሆኖም ጉበት ጉበት፣ አንጎልም አንጎል ሆኖ የሚኖረው፣ እያንዳንዱ ሕዋስ ከጠቅላላው ጽሕፈት ለግብሩ የሚያስፈልገውን አንቀጽ፣ ዘረመል የሚባለውን፣ ብቻ እየመረጠ፣ አርኤንኤ ወደሚባለው ወደ ሁለተኛው ጽሕፈት ስለሚቀዳ ነው። ይህ የተቀዳው ቃል መልእክተኛ አርኤንኤ ይባላል፤ ከአስኳሉ ወጥቶ ፕሮቲን ወደሚሠራበት የሕዋስ ክፍል ይሄዳል፤ በዚያም በሦስት በሦስት ፊደል እየተነበበ፣ ለየሦስቱ ፊደል አንድ አሚኖ አሲድ እየተቀጠለ፣ ጡንቻን የሚያንቀሳቅሰው፣ ምግብን የሚፈጨው፣ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን ይገጣጠማል።

እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ የዲኤንኤው ቃልና የመልእክቱ ቃል ፊደል ለፊደል የተካከሉ ይመስል ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሪቻርድ ሮበርትስና ፊሊፕ ሻርፕ፣ በየራሳቸው ቤተ ሙከራ አዴኖ የተባለውን ቫይረስ ሲመረምሩ፣ የዘረመል ቃል በመካከሉ ትርጕም በሌላቸው ጣልቃ ገብ ክፍሎች እየተቈራረጠ የተጻፈ መሆኑን አገኙ፤ ሕዋሱም መጀመሪያ ሁሉን እንዳለ ከቀዳ በኋላ ጣልቃ ገቡን እየቈረጠ ይጥላል፣ የቀረውንም ያጋጥማል። ስለዚህም ሁለቱ በ1993 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የዚህ ግኝት ክብደት እንዲታወቅ አንድ ምሳሌ እነሆ። ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ጡንቻ ሲኰማተርና ሲዘረጋ የሕዋሱ ሽፋን እንዳይቀደድ የሚጠብቅ ነው። ይህ ፕሮቲን የጐደለበት ወንድ ልጅ ዱሼን በተባለው ደዌ ተይዞ፣ ድኾ፣ ቆሞ፣ መሄድም ከጀመረ በኋላ ጡንቻው እየደከመ ይመጣና ገና በልጅነቱ መራመድ ይሳነዋል። የዲስትሮፊን ዘረመል በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ከ2 ሚሊዮን ፊደል የሚበልጥ ቦታ ይዞ ይገኛል፤ ሕዋሱ ይህን ሁሉ ለመቅዳት 16 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከቀዳም በኋላ 79 ትርጕም ያላቸውን ክፍሎች ብቻ አጋጥሞ 14 ሺህ ያህል ፊደል ያለውን መልእክት ያወጣል። ከመቶ እጅ አንድ እጅ እንኳ አልቀረም ማለት ነው። ዓይኑን በዲኤንኤው ላይ ብቻ የተከለ አንባቢ እነዚያ 79 ክፍሎች በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ የት የት እንደ ተበተኑ በምን ያውቃል? በ1987 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ሉዊስ ከንከልና የምርምር ጓዶቹ የዲስትሮፊንን ቃል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊያውቁት የቻሉት በአሟይ ዲኤንኤው አማካይነት ነበር።

በዚህ ላይ ደግሞ ሕዋስ ከአንድ ዘረመል አንድ መልእክት ብቻ አያወጣም። እዚህ አንድ ክፍል ይዘልላል፣ እዚያ አንድ ክፍል ይጨምራል፤ ያው የዲስትሮፊን ዘረመል በጡንቻ ውስጥ ከአንድ ቦታ፣ በአንጎል ውስጥ ከሌላ ቦታ፣ በዓይን ውስጥም ከሌላ ቦታ መቀዳት ይጀምራል። የሰው ልጅ ፕሮቲን የሚያዝዙ ዘረመሎች ሃያ ሺህ ያህል ብቻ መሆናቸው ሲታወቅ ብዙ ሰው ተደንቆ ነበር። መልእክቶቹ ግን ከዘረመሎቹ ቍጥር እጅግ የሚበልጡ ስለ ሆኑ፣ የሰውነታችን ብልጽግና በዘረመሎቹ ብዛት ሳይሆን ሕዋሱ ቃላቸውን በሚያጋጥምበት ጥበብ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

መልእክተኛው አርኤንኤ ግን እንደ ልብ ተይዞ የሚመረመር ነገር አይደለም። ዕድሜው አጭር ነው፤ ከጣታችን ቈዳ የሚወርድ ጥቂት ኢንዛይም እንኳ በደቂቃ ውስጥ በጣጥሶ ያጠፋዋል። ከዚህ ያወጣን የ1970 ዓ.ም. ግኝት ነው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሃዋርድ ቴሚን፣ በዶሮ ላይ ዕጢ የሚያስነሣ ቫይረስ ሲመረምር፣ ከአርኤንኤ የተሠራው ይህ ቫይረስ በገባበት ሕዋስ ውስጥ ወደ ዲኤንኤ ይለወጣል ብሎ ዓመታት ሙሉ ሲናገር የሰማው አልነበረም፤ ቃል የሚሄደው ከዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ ነው እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም የሚለው እምነት ጸንቶ ነበርና። በመጨረሻ ግን ቴሚን ከጃፓናዊው ባልደረባው ከሳቶሺ ሚዙታኒ ጋር፣ በማሳቹሴትስም ዴቪድ ባልቲሞር በበኩሉ፣ አርኤንኤን አይቶ ዲኤንኤ የሚጽፈውን ኢንዛይም በአንድ ሰሞን አግኝተው አሳዩ። ቴሚንና ባልቲሞር በ1975 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው፣ ዓለም ያገኘው ትርፍ ግን ከሽልማቱ የሚበልጥ ነበር። ይህን ኢንዛይም ከሰው ሕዋስ ከወጣ አርኤንኤ ጋር ብናገናኘው፣ ለእያንዳንዱ ተሰባሪ መልእክት ፊደሉ ከፊደሉ የሚጣመር፣ ለዘለቄታ የሚቀመጥ ዲኤንኤ ይጽፍልናል። አሟይ ዲኤንኤ የምንለው ይህን ነው። እርሱም በባክቴሪያ ውስጥ ገብቶ ከባክቴሪያው ጋር እየተባዛ፣ አንድ የነበረው እልፍ ሆኖ፣ በበረዶ ማቀዝቀዣ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል።

እንግዲህ ሙሉ የሚለው ቃል ለምን አስፈለገ? ችግሩ ያለው በዚህ ላይ ነው። ግልበጣው የሚጀምረው ከራስጌው ሳይሆን ከግርጌው ነው፤ ምክንያቱም በመልእክተኛው አርኤንኤ መጨረሻ ላይ አዴኒን ብቻ እየተደጋገመ የሚሄድበት ጅራት ስላለ፣ ቲሚን ብቻ ያለበት አጭር ክር ከዚህ ጅራት ጋር ተጣምሮ ለኢንዛይሙ መነሻ ይሆነዋል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ራስጌው ሲጓዝ ግን አርኤንኤው በራሱ ላይ ታጥፎ በተቋጠረበት ቦታ ሁሉ ይቆማል፣ ይወድቃልም፤ በተለይም ጉዋኒንና ሳይቶሲን የበዙበት ስፍራ፣ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የራስጌው አካባቢ፣ ቋጠሮው የጠነከረ ነው። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት በየቤተ ሙከራው የተሰበሰቡት አሟይ ዲኤንኤዎች በአብዛኛው ግርጌያቸው ደኅና፣ ራስጌያቸው ግን የጐደለ ነበሩ። በገዳም ዕቃ ቤት ፊተኞቹ ቅጠሎቹ የወደቁበትን ብራና አገላብጦ ያየ ሰው ይህ ጕድለት ምን እንደሚያስከትል ይረዳዋል፤ ጽሕፈቱ የጠራ፣ ፍጻሜውም የተሟላ ቢሆን፣ ርእሱና መቅድሙ ስለ ጠፋ ቃሉ ከየት እንደሚነሣ፣ በማን ትእዛዝም እንደ ተጻፈ አይታወቅም። በመልእክቱም እንዲሁ ነው። የፕሮቲኑን መነሻ የሚያመለክቱት ሦስቱ ፊደላት ያሉት ወደ ራስጌው በመሆኑ፣ ራስጌው ከጠፋ ፕሮቲኑን በሙሉ መሥራት አይቻልም። ደግሞም ዘረመሉ መቼና በየትኛው የአካል ክፍል መቀዳት እንዳለበት ትእዛዝ የሚቀበለው ከራስጌው አጠገብ ባለው የዲኤንኤ ቦታ ስለ ሆነ፣ የመልእክቱን የመጀመሪያ ፊደል ያላወቀ ሰው ትእዛዙ ያለበትንም ቦታ አያውቅም።

ሆኖም ቍርጥራጩም ቢሆን በጊዜው ጠቅሞአል። በ1991 ዓ.ም. በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ የነበረው ክሬግ ቬንተርና ባልደረቦቹ፣ ከሰው አንጎል ከተገኙ አሟይ ዲኤንኤዎች ጥቂት ጥቂት መቶ ፊደል ብቻ እያነበቡ፣ እስከዚያ ድረስ ያልታወቁ ብዙ ዘረመሎች መኖራቸውን በፍጥነት አሳዩ። ተቋሙ በእነዚህ ቍርጥራጮች ላይ የባለቤትነት መብት ልጠይቅ በማለቱም ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ የሆነው ጄምስ ዋትሰን አጥብቆ ከተቃወሙት አንዱ ነበረ፣ ማመልከቻውም በኋላ ተተወ። በእኔ ፍርድ መተዉ ደግ ሆነ፤ ጅምሩን እንኳ ያላነበበውን መልእክት የእኔ ነው ማለት ለማንም የማይገባ ነውና።

አሁን ወደ ንግግሬ ዋና ነገር ደርሻለሁ። የጠፋውን ራስጌ ለማግኘት መንገድ የከፈተው ሕዋሱ ራሱ በመልእክቱ መጀመሪያ ላይ የሚያኖረው ምልክት ነው። በ1975 ዓ.ም. በጃፓን ያሱሂሮ ፉሩይቺና ኪንኢቺሮ ሚዩራ የሐር ትልን የሚያሳምም ቫይረስ ሲመረምሩ፣ በአሜሪካም አሮን ሻትኪን በሌላ ቫይረስ ላይ ሲሠራ፣ የመልእክተኛው አርኤንኤ ራስጌ ባዶውን እንደማይተው፣ ነገር ግን ወደ ኋላ ተገልብጦ የተጋጠመ አንድ ልዩ ጉዋኒን እንደሚደፋበት ተገለጠ። ይህ ምልክት ቆብ ተባለ። ቆቡ መልእክቱን ከሚበሉት ኢንዛይሞች ይጠብቀዋል፤ ፕሮቲን የሚሠራውም አካል መልእክቱን የሚቀበለው በቆቡ ለይቶ ነው። ከመካከሉ የተሰበረ አርኤንኤ ግን ቆብ የለውም፤ በተሰበረበት ጫፍ የሚታየው ተራ ፎስፌት ነው። እንግዲህ ቆብ ያለውን ከሌለው መለየት የቻለ ሰው ሙሉውን ከጐደለው መለየት ቻለ ማለት ነው።

ይህን ያደረጉት በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ሳይንስ ተቋም የነበሩት ካዙዎ ማሩያማና ሱሚዮ ሱጋኖ ናቸው፤ ዘዴያቸውን በ1994 ዓ.ም. አሳተሙ። ሦስት ኢንዛይሞች ብቻ በተራ የሚሠሩበት ዘዴ ነው፤ ነገር ግን አደራረጉን ባሰብሁት ቍጥር አድናቆቴ ይጨምራል። መጀመሪያ ከባክቴሪያ የተገኘ ኢንዛይም በአርኤንኤው ድብልቅ ላይ ይጨመራል፤ እርሱም ፎስፌትን የሚነቅል ስለ ሆነ የተሰበሩትን ሁሉ ጫፋቸውን ያራቍታል፣ ቆብ ያላቸውን ግን ቆባቸው ስለሚከልላቸው አይነካቸውም። ቀጥሎ ከትንባሆ የተገኘ ሌላ ኢንዛይም ይገባል፤ የዚህ ሥራ ቆቡን ማንሣት ነው፣ ቆቡ ሲነሣም በሥሩ አንድ ፎስፌት ይቀራል። አሁን በድብልቁ ውስጥ ፎስፌት ያለው ጫፍ ቀድሞ ቆብ የነበረው ብቻ ሆነ። በመጨረሻ አርኤንኤን ከአርኤንኤ የሚያጋጥም ኢንዛይም፣ ከሰው ሠራሽ አጭር ክር ጋር ሲጨመር፣ ይህ ክር ሊጋጠም የሚችለው ፎስፌት ካለው ጫፍ ጋር ብቻ ስለ ሆነ፣ የተሰበሩት ወደ ጐን ቀርተው ሙሉዎቹ ብቻ በራስጌያቸው ላይ የታወቀ ምልክት ይዘው ይገኛሉ። ከዚያ ወዲያ ገልባጩ ኢንዛይም ከግርጌው ተነሥቶ ይህ ምልክት እስካለበት ድረስ የደረሰበት ቅጂ ብቻ እየተመረጠ ይባዛል። ተፈጥሮ ለሌላ ጉዳይ ያኖረችውን ቆብ አንሥቶ፣ በቦታው ለሰው የሚነበብ ምልክት መተካት፣ ነገርን አሳጥሮ የማሰብ ከፍተኛ ምሳሌ ነው።

በዚያው ዘመን ሪኬን በተባለው የጃፓን የምርምር ተቋም፣ ዮሺሂዴ ሃያሺዛኪና ጣሊያናዊው ፒዬሮ ካርኒንቺ በሌላ በኩል ወደዚያው ግብ ይገሰግሱ ነበር። እነርሱ ቆቡን ሳያነሡ፣ በቆቡ ላይ ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን አጣብቀው በዚያ የሚያጠምዱበትን መንገድ አበጁ። ከዚህም በላይ በ1998 ዓ.ም. ትሪሃሎዝ የሚባለው ስኳር፣ አንዳንድ ፍጥረታትን ከድርቀት የሚጠብቀው ማለት ነው፣ ገልባጩን ኢንዛይም ከሙቀት እንደሚጠብቀው ካርኒንቺና ባልደረቦቹ አሳዩ። ኢንዛይሙ በ60 ዲግሪ ሙቀት መሥራት ከቻለ፣ በዚያ ሙቀት የአርኤንኤው ቋጠሮዎች ስለሚፈቱ እስከ ራስጌው ድረስ የሚያቆመው ነገር ይቀንሳል። ሪኬን በዚህ ጥበብ የአይጥን መልእክቶች በ2001 ዓ.ም. 21,076፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 60,770 አድርሶ አሳተመ።

ወደ ሰው ልጅ መልእክቶች ስንመለስ፣ ከቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ በቺባ አውራጃ ኪሳራዙ የምትባል ከተማ አለች፤ የዚህ ሥራ ታሪክ በአብዛኛው በእርስዋ ዙሪያ የተፈጸመ ነው። ካዙሳ የተባለው የዲኤንኤ ምርምር ተቋም፣ ኖቡዎ ኖሙራ፣ ታካሂሮ ናጋሴና ኦሳሙ ኦሃራ ከመሳሰሉት ተመራማሪዎቹ ጋር፣ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ሌላው ሰው የሚሸሻቸውን ረጃጅም መልእክቶች፣ በተለይም ከአንጎል የሚገኙትን ከአራት ሺህ ፊደል በላይ የሆኑትን፣ እየመረጠ ማንበብ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ለተገኙት ዘረመሎች ሥራቸው ስለማይታወቅ ስም ሊሰጣቸው ስላልተቻለ፣ ኪአይኤኤ በሚል ምልክትና በቍጥር ብቻ ተመዘገቡ፤ ቍጥሩም ከ0001 ተነሥቶ እያደገ ሄዶ ከሁለት ሺህ አለፈ። ዛሬ ብዙዎቹ እንደ ግብራቸው ስም አግኝተዋል፤ ሆኖም በቀድሞ ቍጥራቸው ብቻ የሚጠሩ አሁንም አሉ።

በዚያችው ከተማ የነበረው ሄሊክስ የምርምር ተቋም፣ ከቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው የሕክምና ሳይንስ ተቋምና ከካዙሳ ጋር ሆኖ፣ ኔዶ በሚባለው የጃፓን መንግሥት ድርጅት እየተረዳ፣ ኤፍኤልጄ የተባለውን ታላቅ ስብስብ ያዘጋጀው ነው። ከመሪዎቹ መካከል ሱሚዮ ሱጋኖና ታካኦ ኢሶጋይ ይገኛሉ። ሥራው በሁለት ደረጃ የተከፈለ ነበር። መጀመሪያ ከልዩ ልዩ የሰው አካል ክፍሎች በቆቡ ዘዴ የተሰበሰቡትን እጅግ ብዙ ቅጂዎች የራስጌያቸውን ጥቂት መቶ ፊደል ብቻ በአንድ ጊዜ እያነበቡ፣ ከታወቁት ጋር እያስተያዩ፣ የተደጋገመውን መተው፣ አዲስ የሚመስለውን ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ቀጥሎ የተመረጠውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። ይህ ሁለተኛው ለሚያደምጥ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ፍሬድሪክ ሳንገር በ1977 ዓ.ም. ባወጣው የንባብ ዘዴ አንድ ጊዜ የሚነበበው ከ500 እስከ 800 ፊደል ብቻ ስለ ሆነ፣ ሦስት ሺህ ፊደል ያለውን መልእክት ለመፈጸም ንባቡ በቆመበት ቦታ ላይ የሚጣመር አዲስ መነሻ ክር አሠርቶ፣ ከዚያ ደግሞ ጥቂት መቶ ፊደል ወደ ፊት ሄዶ፣ እንደገና አሠርቶ፣ እንደገና ማንበብ ይጠይቃል። ይህ ከ21 ሺህ ጊዜ በላይ ለየብቻ መደረጉን ስናስብ፣ ፊደል እንዳይሳሳት የተደረገውንም ጥንቃቄ ስንጨምርበት፣ የሥራውን ትጋት ለመገመት እንችላለን።

ፍሬውስ ምን ሆነ? ከ21,243ቱ መካከል 14,490ዎቹ በሌላ በየትኛውም ስብስብ ያልነበሩ ሆነው ተገኙ፤ ተመሳሳዮቹ በየወገናቸው ሲመደቡም 10,897 ወገን ሆኑ። ከእነዚህ 5,416ቱ ፕሮቲን የሚያዝዙ መሰሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ 1,999ኙ የጂኖሙን ጽሕፈት እየመረመሩ ዘረመልን በሚተነብዩት የኮምፒዩተር ዘዴዎች ያልተገመቱ ነበሩ። አድማጮቼ ከዛሬው ንግግሬ አንድ ቍጥር ብቻ መያዝ ቢፈልጉ ይህን 1,999 ቢይዙ እወዳለሁ። ጽሕፈቱ በሙሉ በፊታቸው ተዘርግቶ ሳለ፣ እነዚያ ዘዴዎች ሳያዩአቸው አልፈው ነበርና፤ ከሕዋሱ ዘንድ ሄዶ የጠየቀ ግን አገኛቸው። ለምን እንዳለፉአቸውም ጽሑፉ ፍንጭ ሰጥቶአል። ትንበያው ያገኛቸው መልእክቶች ከመቶ ፊደላቸው ወደ 42 የሚሆነው ጉዋኒንና ሳይቶሲን ሲሆን፣ ያላገኛቸው ግን ወደ 58 ያዘነበሉ ነበሩ። ቀደም ብዬ እንደ ተናገርሁት በእነዚህ ሁለት ፊደላት የበለጸገ አርኤንኤ ቋጠሮው የጠነከረ፣ ገልባጩንም ኢንዛይም የሚያደክም ነው፤ ስለዚህ ለእጅም ለስሌትም ያስቸገረው ወገን አንድ ሆኖ መገኘቱ የሚያስገርም ነገር ነው።

የቀሩት 5,481 ወገኖች ግን ግልጽ የሆነ የፕሮቲን ትእዛዝ የሌለባቸው ናቸው። ስለ እነዚህ በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። ፕሮቲን ሳያዝዝ በራሱ ሥራ የሚሠራ አርኤንኤ መኖሩ የተረጋገጠ ነው፤ ለምሳሌ በ1991 ዓ.ም. የታወቀው ዚስት የተባለው፣ 17 ሺህ ያህል ፊደል የያዘው ረጅም አርኤንኤ፣ በሴቶች ሕዋስ ካሉት ሁለት ኤክስ ክሮሞሶሞች አንዱን ዝም የሚያሰኘው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ የተቀዳው ሁሉ ግብር አለው ማለት አይደለም፤ ከጂኖሙ በስሕተት የተቀዳ፣ ወይም ጣልቃ ገቡ ገና ያልተቈረጠለት ያልበሰለ ቃልም በስብስቡ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የጃፓን ሊቃውንት ይህን አውቀው ከእነዚህ መካከል አንድ አራተኛው ያህል፣ ማለት 1,378ቱ፣ የመቈረጥና የመጋጠም ግልጽ ምልክት እንደ ታየባቸው ለይተው መናገራቸው ለሕሊናቸው ታማኝነት ምስክር ነው። ሕዋስ ደክሞ ያጋጠመውን ቃል ከንቱ ነው ለማለት ማንም አይቸኵልምና፣ እነዚህ በእኔ አስተያየት ከሁሉ ቀድመው ሊመረመሩ የሚገባቸው ነበሩ።

ይህ ሥራ የጃፓን ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሰውንና የአይጥን ሙሉ አሟይ ዲኤንኤዎች የሚሰበስብ ሥራ አቋቁመው በ2002 ዓ.ም. ከ15 ሺህ በላይ ማንበባቸውን አስታወቁ፤ በጀርመንም የምርምር ተቋማት ማኅበር አቁመው በዚሁ ተሠማርተው ነበር። በ2002 ዓ.ም. በጋ ላይ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ከመቶ በላይ ሊቃውንት በቶኪዮ ተሰብስበው፣ እነዚህን ስብስቦች ሁሉ በአንድነት ዘርግተው እየመረመሩ፣ ትርጓሜያቸውን በየመልክ በየመልኩ መዘገቡ። ከዚህ ጉባኤ የወጣው ጽሑፍ በ2004 ዓ.ም. ሲታተም፣ 41,118 ሙሉ አሟይ ዲኤንኤዎች 21,037 ለሚሆኑ የሰው ዘረመል ዕጩዎች ማስረጃ ሆነው ቀረቡ።

ጥቅሙን ለሚጠይቅ፣ ሙሉ አሟይ ዲኤንኤ የሚነበብ ቃል ብቻ ሳይሆን የሚሠራ ዕቃ መሆኑን እነግረዋለሁ። ጣልቃ ገቡ ስለ ተወገደለት፣ መነሻውና መድረሻውም ስለ ተሟላ፣ በሌላ ሕዋስ ውስጥ ቢገባ ፕሮቲኑን ያሠራል፤ ባክቴሪያ የሰውን ዘረመል በጂኖም እንዳለ ብትቀበል ጣልቃ ገቡን ቈርጣ መጣል ስለማትችል አይሆንላትም፣ አሟይ ዲኤንኤውን ግን ታነብበዋለች። በ2006 ዓ.ም. በኪዮቶ ካዙቶሺ ታካሃሺና ሺንያ ያማናካ የበሰለውን የአይጥ ሕዋስ ሁሉን ሊሆን ወደሚችል ወደ ፅንስ መሰል ጠባይ የመለሱት፣ የአራት ዘረመሎችን አሟይ ዲኤንኤ በቫይረስ አሸክመው ወደ ሕዋሱ በማስገባት ነበር። የኤፍኤልጄ ቅጂዎችም ለሚሹ ተመራማሪዎች እንዲታደሉ ተደርጎ፣ የአንዱን ዘረመል ሥራ ሊያጠና የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው እንደገና ሳይደክም ቍጥሩን ጠቅሶ እንዲያስመጣ ተችሎአል።

ዛሬ የንባቡ መሣሪያ ተለውጦአል። አንድን መልእክት ብዙ ሺህ ፊደል ቢሆን እንኳ በአንድ ትንፋሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያነብቡ መሣሪያዎች ተሠርተው፣ በኪሳራዙ በብዙ ሰው ድካም የተሠራው በአንድ ቤተ ሙከራ በጥቂት ቀናት ይሠራል። ነገር ግን መሣሪያው የሚያነብበው የቀረበለትን ነው፤ ገልባጩ ኢንዛይም ከመንገድ ከወደቀ፣ ከመሣሪያው የሚወጣው ንባብ ምንም ያህል ቢረዝም ራስጌው የጐደለ ነው። ስለዚህ የሰውን ዘረመሎች መዝገብ የሚያሰናዱት ሊቃውንት በእነዚህ አዳዲስ መሣሪያዎች ሲሠሩ እንኳ መልእክቶቹን አስቀድመው በቆባቸው እያጠመዱ ይለያሉ። በዚህም መንገድ ከእያንዳንዱ የአካል ክፍል እስከ ዛሬ በየትኛውም መዝገብ ያልተጻፉ መልእክቶች መውጣታቸውን ስላላቋረጡ፣ የሰው ልጅ መልእክቶች በጠቅላላው ስንት ናቸው ለሚለው ጥያቄ የተቈረጠ ቍጥር ገና አልተሰጠም።